የዝምድና መግለጫው ባዶ ሣጥን

ደብረ ብርሃን፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለመምህር ሰይፈሥላሴ፣
ጅማ

ክረምቱ በእናንተ በኩል ቀድሞ እንደገባ እማዬ ነግራኛለች፤ ጉልበትዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። «የዚያ አገር ብርድ አይስማማሽም» ብለው ወደዚህ እንዳልመጣ አጥብቀው ቢከለክሉኝም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልታመምኩም።

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ተጠናቋል። የትምህርቶቹ ውጤት ገብቷል፤ አማካሪዬም ፈርመዋል። የቀረኝ አንድ ቅጽ ብቻ ነው። ስድስተኛው አንቀጽ «ከመረጃ ሰጪዎችዎ ጋር የሥጋ ዝምድና አለዎት?» ይላል። «አለኝ» ወይም «የለኝም» ከሚሉት ሣጥኖች በአንዱ ላይ ምልክት አድርጎ መፈረም ነው። የምጽፍልዎ ስለዚህ ሣጥን ነው፤ በስልክ ስጀምረው ሁልጊዜ እንግዳ ይመጣብዎታል።

ጥናቴ ስለ አንኮበር አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች መሆኑን ያውቃሉ። ዋናዋ መረጃ ሰጪዬ ወይዘሮ ቦሰና ይባላሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጭቃውን ግን አሁንም ራሳቸው ይረግጣሉ። የስምምነት ቅጹን ቃል በቃል ሳነብላቸው ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው? ልትድሪኝ ነው እንዴ?» ስማቸውን ሰውሬ በቁጥር እንደምጠራቸው ስነግራቸው ግን ተቆጡ። «ስሜ ምን አደረገና ነው የምትደብቂው? መደበቅ ያማራቸው ሌሎች ናቸው።»

በሚያዝያ አንድ ቀን፣ ከእሳት ወጥቶ የቀዘቀዘ እንስራ እንድይዝላቸው ሰጡኝ። ሳላስበው ጣቴን አጥፌ ሁለት ጊዜ ጎኑን፣ አንድ ጊዜ ሥሩን አንኳኳሁና ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። እርስዎ ገበያ ላይ የሚያደርጉትን ነው፤ እማዬ «ሐኪሙ መጣ» እያለች የምታሾፍብዎን። ወይዘሮ ቦሰና ሥራቸውን አቆሙ።

«ይህን ማን አሳየሽ?»

«አባቴ።»

«ሸክላ ሠሪ ነው?»

«የለም፣ መምህር ናቸው። የእነዋሪ ገበሬ ልጅ ናቸው።»

«እነዋሪ!» አሉና እንስራውን ከእጄ ወሰዱ። «ሌላው ሁሉ ጎኑን አንኳኩቶ ይተዋል። ሥሩን ማንኳኳት የእናቴ ነው። እኔም ያሳየሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለልጄ፣ ለያለው። ተማሪ ቤት ‹የሸክላ ሠሪ ልጅ› እያሉ አጠገቡ አንቀመጥም ሲሉት፣ አንድ ቀን መጽሐፉን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ያው መውጣቱ ሆነ።»

አባባ፣ ያን ጊዜ መደርደሪያችን ላይ ያለው አሮጌ መዝገበ ቃላት ትዝ አለኝ። የባለቤቱ ስም በምላጭ ተፍቆ የመጀመሪያዋ ፊደል፣ «ያ»፣ ብቻ ቀርታለች። በልጅነቴ ስጠይቅዎ «የድሮው ባለቤት ነው» ብለውኝ ነበር። ስለዚያ ሰው አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ለወቀሳ አይደለም። ጭቃ ይረግጥ ነበር? በእጁ የሠራው የመጀመሪያ ዕቃ ምን ነበር? ከቤት ሲወጣ የሸኘው ሰው ነበር?

«የለኝም» በሚለው ላይ ምልክት አላደርግም፤ ውሸት ሊሆን ይችላል ብዬ የምጠረጥረውን አልፈርምም። «አለኝ» ማለት ደግሞ የእኔ ብቻ ያልሆነውን ነገር ያለ ፈቃድዎ አደባባይ ማውጣት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ሣጥኖች ባዶ ትቻቸዋለሁ። ቅጹ እስከ ሰኔ 20 ካልገባ ምረቃዬ ለከርሞ ይተላለፋል። እሱን እችለዋለሁ።

ወይዘሮ ቦሰና ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ስሰናበታቸው ግን አንዲት ትንሽ እንስራ አስያዙኝ። «ለአባትሽ ናት። አንኳኩቶ ይቀበላት» አሉኝ። በጭድ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእማዬ ወንድም በወልደተንሣኤ እጅ ልኬልዎታለሁ። መንገዱ ረጅም ነውና መሰንጠቅ አለመሰንጠቋን እንደ ልማድዎ ይመርምሩልኝ። ሥሯንም አይርሱ። ከዚያ የሰሙትን ይጻፉልኝ።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ አሁን መልካም ነው፤ ክረምቱ ሳይከብድ ይታለፋል። ጤናዎን እርሱ ባለቤቱ ይጠብቅልኝ።

ልጅዎ
ወለተሐና