የአንበጣ ክንፍ በብራና ላይ

ውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ፈርቷል።

ያንን የፍየል ቆዳ ፍቀው ብራና አድርገው ሲሰጡኝ ምን እንደምሥልበት አልጠየቁኝም። ባለፈው ዓመት ጋዝጊብላ ላይ አርፎ ከሄደው መንጋ የሞቱትን አንበጦች ለቅሜ ነበር። ክንፎቻቸውን በሙጫ እየለጠፍኩ ሰማይ ሠራሁበት፤ ከሥሩ ያለውን የተራቆተ አገዳም ከእግሮቻቸው። ፍጥረት ሲቆጣ ምን እንደሚመስል ሰው አይቶ እንዲያስብ ነበር ሐሳቤ።

ማክሰኞ ለገበያ መጥተው ስዕሉ ለሕዝብ የተሰቀለበት የከተማው አዳራሽ ሲገቡ ግን ስዕሉን አይተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ልጄ፣ እኒህን ለምን ሰበሰብሻቸው? በልጅነቴ ታናሽ እህቴን የቀበርናት እኒህ ካለፉ በኋላ ነው» አሉኝ።

እህት እንደነበረችዎ እንኳ አላውቅም ነበር።

እዚያው እንደቆምን ከውጭ ጩኸት ተሰማ። በመስኮት ሳይ ፀሐይዋ ጠቁራለች። አንበጣ ነው። «እኔ ጠርቻቸው ይሆን?» አልኩ በልቤ። የአዳራሹ ዘበኛ ጌታሁን ደግሞ በአፉ አወጣው። ሰው አስከትሎ መጣና «ሟርተኛ! አንቺ ነሽ የጠራሻቸው! አውርዱት፣ ይቃጠል!» አለ።

እርስዎ በሩ ላይ ዱላዎን አጋድመው ቆሙ።

«ፍየሉ የኔ ነው፤ ቆዳውንም የፋቅሁት እኔ ነኝ። አንበጣ በስዕል የሚጠራ ቢሆን በስዕል እናባርረው ነበር! ይልቅ ወደየማሳችሁ ሩጡ!»

ሰዉ ተበተነ። መንጋው ከተማውን አልፎ ወደ ጽጽቃ፣ ወደ እኛው አገር ወረደ። እርስዎም ሳይሰናበቱኝ ተከትለውት ሄዱ።

ትናንት ጎረቤታችን ምትኩ ከዚያ መጥቶ አገኘሁት። ስለ ማሽላችን ስጠይቀው ወሬ ለወጠብኝ። አጥብቄ ስይዘው፣ «ምንም አልተረፈ። አባትሽ ግን ‹ለልጄ እንዳትነግራት፤ በእኔ ሰበብ ነው ትላለች› ብለውኛል» አለኝ።

አባቴ፣ ብያለሁ። ስዕል አንበጣ እንደማይጠራ እያወቅሁም እላለሁ። እስከ መጪው አዝመራ ምን እንደምትበሉ ሳስብ ብርድ ብርድ ይለኛል። ስዕሉን አላቃጠልኩትም፤ እርስዎ የቆሙለትን ነገር እንዴት አቃጥላለሁ? ለብቻዬ ማየቱን ግን ፈርቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ይህን ወረቀት ምትኩ ያደርስልዎታል። እኔም በማግስቱ እመጣለሁ። ማሳው ዳር አብረን እንቁም። ከእንግዲህ የደረሰብዎትን አይደብቁኝ፤ እኔም ፍርሃቴን አልደብቅዎትም።

ልጅዎ
ለተጊዮርጊስ
ሰቆጣ፣ ጥቅምት 1997 ዓ.ም.