ባለቤቴን ነርስ ላደረገው የጎርፍ ፎቶ ማኅደር

ለተከበሩት የጎርፍ ትውስታዎች ዲጂታል ፎቶ ማኅደር ዋና ኃላፊ
ኤመሪቪል

ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ውሃ ለማይደርስበት ሰርቨርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

በ2017 ሳን ሆዜ ያለውን ቤታችንን ያጥለቀለቀው ጎርፍ የፎቶ አልበሞቻችንን አንድም ሳያስቀር አበላሽቶብናል። በዚያው ዓመት ባለቤቴ ንግስቲ አረፈች። ስለዚህ ልጄ ሩሓማ እናቷን ድረ ገጻችሁ ላይ ስታገኛት የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ ቃላት ያጥሩኛል። ቅሬታ ግን አላጠረኝም፤ በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በፎቶው ላይ ንግስቲ ቤታችንን ሊያጸዳ የመጣን አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ እጁ በጭቃ ስለ ተለወሰ፣ ጥብስ በእንጀራ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች። እናንተ ከሥሩ «ነርስ ለጎርፍ ተጎጂ መድኃኒት ስትሰጥ» ብላችሁ ጽፋችኋል። መርፌ ባየች ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ለነበረች ሴት ይህን የመሰለ ማዕረግ ያለ ትምህርትና ያለ ፈተና ስለ ሰጣችሁልን ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግናል። ተጎጂ ያላችሁት ጎልማሳ ፍጹም ጤነኛ ነበር፤ ጉዳት ደርሶበት ከሆነም ከቃሪያው ነው።

2. ስሟ እንዲጻፍና ጥራት ያለው ቅጂ እንዲላክልኝ ብጠይቅ፣ ባለቤቴ ለመሆኗ ማረጋገጫ ሌላ ፎቶዋን እንድልክ አዘዛችሁኝ። ፎቶዎቹን ጎርፍ እንዳበላሻቸው ለጎርፍ ማኅደር ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ። ሩሓማ «ባባ፣ ጀስት ኢሜይል አድርግላቸው» ብላኝ ደጋግሜ ጻፍኩ። መልሳችሁ እጅግ ፈጣን ነው፤ ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ብዙም የሚያደክማችሁ አይመስለኝም።

3. ይኸኛው ቅሬታ አይደለም። ንግስቲ ናፍቃኛለች። ድረ ገጹ ላይ ያለችውን ትንሽ ፎቶ ቀረብ አድርጌ ላያት ሳሰፋት ፊቷ ይደበዝዝብኛል። ግድግዳዬ ላይ የምሰቅላት አንዲት ጥርት ያለች ፎቶ ብቻ ነው የምፈልገው።

ስለማያልቀው ጥንቃቄዎ ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የሰውን ትዝታ ከባለቤቱ ሳይቀር እንዲጠብቁልን ዕድሜና ብርታት የምመኝልዎ፣

የነርስ ንግስቲ ባል
ዘመንፈስ
ሳን ሆዜ፣ ኦክቶበር 2018

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ። በፎቶው ጠርዝ ላይ ትሪውን የያዘ፣ ከአንጓው የተቆረጠ እጅ ይታያል። የእኔ ነው። ጣቱ ላይ ያለው ቀለበትም እዚያው ፎቶ ላይ የሚታየው የንግስቲ ቀለበት ጓደኛ ነው፤ ዛሬም አላወለቅሁትም። ሰኞ እጄን ይዤ ቢሯችሁ እመጣለሁ፤ እባካችሁ የማረጋገጫውን ኦሪጅናል እዚሁ ተወው ብቻ አትበሉኝ።