አምባዛ በማኅበር ሳምንት

ሰኞ፣ ሐምሌ ፲፭
«ምነው ልጄ! ይህን ጢማም አውሬ ከቤቴ አገባሽው?»
እትዬ ውዴ፣ የቤቴ አከራይ፣ ናቸው። አምባዛ ነው፣ ከጎርጎራ በባልዲ መጣልኝ አልኳቸው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው አሉ። ላየው እንጂ ልበላው አይደለም ብልም አልሰሙኝም። እሑድ የማርያም ማኅበር እሳቸው ቤት ነው፤ እስከዚያ ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ። አራዳ ውስጥ ለብቻዋ ለምትኖር ሴት አስተማሪ ማን ያከራያል? ፈርቻለሁ። ግን ጢሙን ሲያወዛውዝ አይቼ አልጠግብ አልኩ።

ማክሰኞ
በጣልያን ቤት የመስኮት መስታወት የሠራሁት፣ በስቱኮ የደፈንኩት ገንዳ እስካሁን አላፈሰሰም። ደስ ብሎኛል። ከቀሃ ወንዝ ያመጣኋቸው ትንንሽ ዓሦች ግን ማታ ሙሉ ነበሩ፤ ጠዋት ግማሾቹ የሉም። አምባዛው ሆዱ ተነፍቶ ጥግ ላይ ተኝቷል። ተስማምተው ይኖራሉ ያልኩ እኔ ሞኝ!

ረቡዕ
ጉበት ጣልኩለት። ዓይኑ ሥር እያለ አላየውም፤ ጢሙ ሲነካው ዋጠው። በጢሙ ይቀምሳል እንዴ? ሌላ ገንዳ ልሥራ? መስታወት የለኝም።
እትዬ ውዴ በበሩ ስንጥቅ ሲያዩት ያዝኳቸው። «ርኩሱ በላ ወይ?» ብለው ሄዱ።

ዓርብ
ጉድ ፈላ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ፣ አምባዛው ከገንዳው ዘሎ፣ በበሩ ሥር ሾልኮ ግቢ ወጥቷል። እትዬ ውዴ ጭቃ ላይ ሲሳብ አገኙት። ጩኸታቸውን ሰምቼ ስወጣ ነጠላቸው ጨቅይቷል፣ እጃቸው ባዶ ነው።
«ሊሞት ነው ብዬ...» አሉና ወደ ጋኑ ጠቆሙኝ። የማኅበሩን ጠላ ሊገለብጡበት አጥበው ውሃ የሞሉት ጋን! እሱ የገባበት ጋን ከእንግዲህ ለማኅበር አይሆንም። «አፈር በበላሁ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ፤ ወዲያው ሳቅ አመለጣቸው። ጠላው በሌላ ጋን ተገለበጠ።

ቅዳሜ
ወደ ገንዳው ብመልሰው ትንንሾቹን ይጨርሳል፤ ውሃ የሞላ ጋን ደግሞ ለሁለት ሴት አይነቃነቅም። እዚያው ጠላው አጠገብ በጨርቅ ሸፈንነው። አምባዛው ከላይ ብቅ እያለ አየር ይጎርሳል፣ ቡልቅ ያደርጋል። ዓሣ አየር ይስባል ብል ማን ያምነኛል? ትንንሾቹ ዛሬ አልጎደሉም። ክፍሌን ልልቀቅ አልልቀቅ ግን ገና አላወቅሁም።

እሑድ፣ ሐምሌ ፳፩
ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር ጋኑ ቡልቅ አለ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው አያ ተገኘ፣ ጆሯቸውን አቀኑ።
«ምነው ውዴ፣ ከዚህኛው አይቀዳም? ሲፈላ ይሰማኛል፤ ሸጋ ጠላ ሳይሆን አይቀርም።»
ተነሡ። እጃቸው ጨርቁን ነካ።
«ይተዉት አያ ተገኘ» አሉ እትዬ ውዴ ፊታቸው ሳይለወጥ። «እሱ የተከራዬ ነው። እሷ እዚህ እስካለች አይነካም፤ እሷ ደግሞ የትም አትሄድም።»
ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጠላ የምትሸሽግ አስተማሪ ተባልኩ። ይባል።