ወንበር የሚያስለቅቀው ስትሮ

የካቲት 3፣ ሰኞ

የፕላስቲክ ስትሮ ከተከለከለ ወዲህ እየቆጠብን ያቆየነው ዛሬ አለቀ። ጠዋት ስገባ ባንኮኒው ሥር ትልቅ ካርቶን። ሰማያዊ መስመር ያለው የወረቀት ስትሮ። ወንድሜ ብቻውን መርጦ፣ ብቻውን ገዝቶ፣ ብቻውን አስራግፎ። እኔ እዚህ ቤት ምንድነኝ? ግማሹ ጁስ ቤት የእኔ አይደለም እንዴ?

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ስትሮ እኮ ነው። ሰርግ አይደለም።"

ለወንድሜ ጥድፌ ብሎ ስም ያወጣለት አባባ ነው። በልጅነቱም ሻይ እስኪበርድለት መጠበቅ አይችልም ነበር። አፉ ተቃጥሎ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል...

ከምሳ በፊት ነገሩ ለየለት። አንዲት ደንበኛ ማንጎዋን ሳታጋምስ ስትሮው አፏ ውስጥ ሟሟ። "የምከፍለው ለጁሱ ነው ለወረቀቱ?" አለችኝ። ጁስ ሰሪያችን ብሌንደሩ ጀርባ ተደብቆ ሳቀ። ምን ያስቃል? እኔ እርር ድብን እያልኩ!

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬም ሟሟ። ዛሬም "ሰው ይለምደዋል" አለ። ኤጭ!

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

አባባ እንደ ሁልጊዜው ከሰዓት መጣ። ከታመመ ወዲህ እጁ እየተንቀጠቀጠ ብርጭቆ ማንሳት አይችልም። ቤት በማንኪያ አጎርሰዋለሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውጠው። እዚህ ግን... እዚህ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፤ ቤቱ ልብስ ስፌት በነበረ ጊዜ የስፌት መኪናው የነበረችበት ቦታ። ቤቱን ለእኛ ሲለቅልን ያቺን ጥግ አልለቀቀም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ጎንበስ ብሎ በስትሮ ፉት ይላል፣ ያርፋል፣ መንገዱን ያያል፣ ደግሞ ፉት። ማንም አያጎርሰውም። ከቀኑ ውስጥ ያለ ሰው እርዳታ የሚያደርጋት ነገር ይቺ ብቻ ናት።

ዛሬ ሳበ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ፣ ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ። ስትሮው እንደ በሰለ ፓስታ ተጣጥፏል። የራሰ ወረቀት ከንፈሩ ላይ ቀረ። ሊያነሳው ሲል እጁ ብርጭቆውን መታው። ማንጎው ሱሪው ላይ ተደፋ። ጎኑ የተቀመጡት ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ ስልካቸው መለሱ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

"አይ፣ ጠግቤያለሁ" አለ አባባ።

ሱሪውን እየጠረግኩለት ከካሸር በኩል የጥድፌ ድምፅ መጣ፦ "ምናለ ቶሎ ቶሎ ቢጠጣው?"

ጥርሴን ነከስኩ። አባባ ባይኖር ያ ካርቶን ጭንቅላቱ ላይ ነበር የሚያርፈው።

የካቲት 9፣ እሁድ

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባ ብቅ አላለም። "ማንጎ ሰለቸኝ" ይላል። ውሸቱን ነው! ማንጎ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሰለቸው?

የብረት ስትሮ ገዝቼ ቤት ወሰድኩለት። አንገቱ ሲንቀጠቀጥ ብረቱ ጥርሱን መታው። እሺ፣ ጠንካራ የወረቀት ፈልጌ ለአንተ ላስቀምጥልህ ስለው ተቆጣ።

"ለእኔ ብቻ? ሰው ሁሉ በሌላ እየጠጣ? በሽተኛ ነኝ ብዬ ግንባሬ ላይ ልለጥፈው?"

ገባኝ። ሁሉም ብርጭቆ ላይ ያው ስትሮ መሆን አለበት። አለበለዚያ አይመጣም። አውቀዋለሁ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ናሙና ስለቅም ሰነበትኩ። ሰማያዊውን ለጥድፌ ከሸጠለት አከፋፋይ ነጭ አመጣሁ። ለክር መጠቅለያ የወረቀት ቱቦ ከምትሠራ ሴትዮ ደግሞ ቡናማ። ቱቦ ሠሪዋ ሙጫ የደረቀበት ጣቷን እያሳየችኝ፣ "ወረቀቱን ደራርቤ ነው የምጠቀልለው፤ ሙጫም አልሰስትም" አለችኝ። ወደድኳት።

ጁስ ሰሪው ሁሉንም ውሃ ውስጥ ሊነክር ተነሳ። "እዚህ ቤት ውሃ በስትሮ የሚጠጣ ማነው?" ብዬ ጮህኩበት። ምስኪን፣ እሱ ምን አደረገኝ? ወፍራሙን ማንጎ ቀዳሁ። ሰማያዊው ወዲያው ልፍስፍስ አለ። ነጩ ትንሽ ታገለ። ቡናማው ጠዋት ቆሞ፣ ምሳ ሰዓት ቆሞ፣ ልንዘጋ ስንልም ቆሞ! ጁስ ሰሪው አውጥቶ ነከሰው።

"ይሄ እኔንም ይቀብረኛል" አለ።

በዚህ ሰሞን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ቡናማውን ለጥድፌ አሳየሁት። ከማንጎው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ኳ ኳ አደረግኩለት።

"አየህ? አይሟሟም።"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን ይለኛል?

"እሱ እኮ ነው ችግሩ።"

"የቱ?"

"ካልሟሟ ሰው ይቀመጣል። አንድ ጁስ ይዞ እስኪመሽ። በእኛው ግን ሰው ሳይሟሟብኝ ልጨርስ ብሎ ቶሎ ይጠጣል፣ ይነሳል። ወንበር ይለቀቃል። አከፋፋዩ ራሱ ነው የመከረኝ።"

ሆን ብሎ! አስቦበት! እኔ ደግሞ ሳያውቅ የገዛ መስሎኝ፣ ላስረዳው ናሙና ይዤ ስንከራተት...

"አባባስ?"

"አባባ ደንበኛ አይደለም።"

ቃሉን እንዳለ ነው የጻፍኩት። አዎ፣ ደንበኛ አይደለም። የቆምክበትን ቤት የሰጠህ ሰው ነው! አልኩት? አላልኩትም። እኔና እሱን አንድ እናት ናት የወለደችን?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ለአከፋፋዩ ደወልኩ። የሚሟሟ ዕቃ እያወቀ መሸጥ አያሳፍረውም ወይ አልኩት። "እህቴ፣ ቢዝነስ አይገባሽም" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አይገባኝም! እሰይ፣ አይግባኝ!

የካቲት 14፣ ዓርብ

ከጥድፌ ጋር ተኳርፈናል። ጁስ ሰሪው ተላላኪ ሆኖ ዋለ። ባንኮኒ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመን፦

"ስኳር አልቋል በላት።"

"ሰምቻለሁ በለው።"

"ሰምታለች" ይላል ምስኪኑ።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አደረግኩት።

ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ማንጎ ቀዳሁ፣ ሰማያዊውን ስትሮ ሰካሁ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ። ጥድፌን በክንዱ ይዤ አባባ ወንበር ላይ ቁጭ አደረግኩት።

"ምን ሆነሻል? ሰው እያየን..."

"ይየን። እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። ጠጣ።"

ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። እንደ ልማዱ በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሰው ሲል ብርጭቆውን ሳብኩበት።

"አባባ እንዲህ ነው የሚጠጣው? ፉት በል። እረፍ። መንገዱን እይ። አሁን ደግሞ ፉት።"

ፉት አለ። አረፈ። መንገዱን አየ። ሰዉ ወሬውን አቁሞ ያየናል። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ስትሮው ለሰለሰ። ሳበ፣ ጉንጩ ገባ... አባባን መሰለ። ቁርጥ አባባን። ለካ ይሄን ያህል ይመሳሰላሉ? የራሰው ወረቀት ከንፈሩ ላይ ተለጠፈ። ሊያነሳው እጁን ሲሰድ ያዝኩት።

"እጅህ አይታዘዝህም!"

ወረቀቱ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"በቃሽ" አለ። ቀስ ብሎ። ተነስቶ በጓሮ በር ወጣ።

ይበለው። ይበለው! ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ሰው ፊት አዋረድኩት። እሱስ አባባን? እሱስ? እንደተናደድኩ ገባሁ፣ እንደተናደድኩ ልተኛ ነው።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ጁስ ሰሪው ሹክ አለኝ። ጥድፌ ቱቦ ሠሪዋ ዘንድ ሄዷል፤ ቡናማውን ሊያዝ። ለእኔ ሳይነግረኝ! አሁንም ብቻውን! ደስ ሊለኝ ሲል ደሜ ፈላ።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ቡናማው ገባ። ሰማያዊው ከነካርቶኑ ወጣ። "ጭስ ማውጫ ይመስላል" አለ አንድ ደንበኛ። ይምሰላ! በዚያው ጭስ ማውጫ እየጠጣ ከሰዓቱን ሙሉ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ሮጥኩ። "አባባ፣ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው፣ ና።"

"ማንጎ ሰለቸኝ አልኩ እኮ።"

ለመንኩት። ተቆጣሁት። ወይ ፍንክች! ግትርነታችንን ከየት እንዳመጣነው ገባኝ። እንባዬን መንገድ ላይ ጠርጌ ተመለስኩ። ዘገየን ይሆን?

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ጥድፌ ራሱ ሄደ። ተከትዬው በር ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። ይቅርታ ይላል ብዬ ነበር። አላለም።

"አባባ፣ የአዲሱን ስትሮ ጥንካሬ ማወቅ አቃተኝ።"

"ጠጣበትና እወቀው።"

"እኔማ ጥድፌ አይደለሁ? ሳይረጥብ እጨርሰዋለሁ። ቀስ ብሎ የሚጠጣ ሰው ነው የቸገረኝ። አንተ ካልሞከርክልኝ ሌላ አላዝም።"

ከዚያ የአባባ ድምፅ፦

"ጫማዬን አምጣ።"

ጥድፌ ተንበርክኮ ጫማውን አሰረለት። ሳይጣደፍ።

አባባ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እጆቹ ጉልበቱ ላይ። ፉት። አረፈ። መንገዱን አየ። ፉት። ቤቱ ሞልቶ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁ ነበሩ። የጥድፌ እግር ባንኮኒው ሥር መሬቱን ይመታል፤ ሰማሁት። ዓይኔን ሳልነቅል አየዋለሁ፤ አንዲት ቃል ቢያወጣ...

አንድ ሰውዬ ገባ ብሎ ወደ መስኮቱ ጠቆመ።

"ያ ወንበር አይለቀቅም?"

"አይለቀቅም" አለ ጥድፌ። "ሥራ ላይ ናቸው።"

አባባ እስከ ታች ጠጣው። የባዶ ብርጭቆው ፍርርርታ ቤቱን ሞላው። ቀና አለ፤ አገጩ ላይ ማንጎ፣ ፊቱ ላይ ድሮ ሙሉ ልብስ ሰፍቶ ሲጨርስ የማውቀው ኩራት።

"ደህና ነው" አለ። "ግን በአንድ ቀን አይታወቅም። ነገም ይታያል።"

ጥድፌን ይቅር አልኩት? አላልኩትም። "ደንበኛ አይደለም" ያላት ቃል ገና ሆዴ ውስጥ ናት። ቤቱን ስንዘጋ የስኳሩን ዕቃ ከፈትኩ፣ ባዶ። ጁስ ሰሪው መልእክት ሊቀበል አጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል።

"ስኳር አልቋል" አልኩት ወንድሜን። ራሴ።