ያንኳኳው ጆሮዬ አልነበረም

ለክቡር አቶ ቶባሪ ማሳሂዴ
የካሚኖሳዋ ተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ሲያንኳኳ የከረመው መኪናዬ እንጂ ጆሮዬ አልነበረም። ይህን ካስቀደምኩ በኋላ እንደ ወጉ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። በዚህ ማባሪያ ባጣ ዝናብ እርስዎም ባልደረቦችዎም ደኅና እንደሆናችሁ፣ በተለይ ዓይናችሁ እንዳልደከመ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህ ደብዳቤ በሰፈራችን ሰሌዳ ላይ ተያይዞ ከቤት ወደ ቤት ስለሚዞር፣ ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶቼ ከመነሻው ላስረዳ። የሃያ አራት ዓመት ዕድሜ ያላት ነጭ መኪናዬ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ከፊት፣ በግራ ጎማ በኩል፣ «ኳ» የሚል ድምፅ ታሰማ ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሳይንስ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ አይደነግጥም፤ ደብተር ይገዛል። በአርባ አንድ ቀን ውስጥ ድምፁን ሃምሳ ሦስት ጊዜ መዘገብኩ፤ ቀኑን፣ ፍጥነቱን፣ የመንገዱን ዓይነት፣ መሪው ወዴት እንደዞረ ሳይቀር። ፍሬን ስይዝ ዝም ትላለች። ቆማ መሪውን ሳዞረው ዝም ትላለች። ባለቤቴ ኪኑኤ ከጎኔ በግራ ወንበር ተቀምጣ የባቡር ሐዲዱን ቀስ ብለን ስንሻገር ግን አንድም ቀን ሳታንኳኳ አልፋ አታውቅም።

ኪኑኤ በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊቷ በማሽን ይታጠባል። ክሊኒኩ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ አውቶቡሱ መመላለስ ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ስለዚህ የመኪናዋ የሁለት ዓመት ምርመራ ሲደርስ ደብተሩን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ ወደ ጣቢያችሁ መጣሁ። ምስጋናዬም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

አንደኛ፤ ባለሙያዎ አቶ ኢጉሮ ደብተሬን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነስተው፣ ሳይገልጡ ጠረጴዛው ላይ ስላስቀመጡት አመሰግናለሁ። ወረቀት በእንዲህ ያለ ክብር ሲቀበር አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ድምፁን ለመስማት ሲሉ መኪናዋን በጣቢያው ግቢ ውስጥ ሁለት ዙር ነድተዋታል። ግቢው የሲኒ ውኃ እንኳ የማያንቀሳቅስ ለስላሳ አስፋልት ነው። ሐዲዱ ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ እስከዚያ እንድንሄድ ብለምናቸው፣ «መምህር፣ እንዳይቀየሙኝ፣ ከግቢ መውጣት አልተፈቀደልንም» አሉኝ። ዓሣን በደረቅ ሜዳ ፈልጎ ማጣት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያን ዕለት ተማርኩ።

ሦስተኛ፤ ጨዋነታችሁ ወሰን የለውም። ሰው ቤት በእንግድነት ሲሄድ የማይታጠብ በካሚኖሳዋ የለም፤ እኔም መኪናዋን አጥቤ፣ ዕቃዋን ሁሉ አራግፌ ነበር ያመጣኋት። እናንተ ግን በለጣችሁኝ። ከምርመራው በፊት ሆዷን በእንፋሎት አጥባችሁ፣ ለዓይን እንድታምር ከሥር ጥቁር ቀለም ረጫችሁባት። ከዚያ በኋላ አቶ ኢጉሮ በባትሪ እያበሩ የተመለከቱት የራሳችሁን ቀለም ነበር፤ ቀለሙም በእርግጥ እንከን አልነበረበትም።

አራተኛ፤ ይህን ከሁሉ ይልቅ አልረሳላችሁም። በእርስዎ ማኅተም የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ «ድምፁ በተሽከርካሪው ላይ አልተገኘም። በአሽከርካሪው ላይ ምርመራ እንዲደረግ ይመከራል።» ቅጂው ለመንጃ ፈቃድ ክፍል ተላከ። ዕድሜዬ ሰባ ስድስት ነውና ክፍሉ ጊዜ አላጠፋም፤ ሐምሌ ሃያ ቀን ቀርቤ ፈቃዴ ይነጠቅ አይነጠቅ እንዲወሰን ጠርቶኛል። ከጥሪው ጋር አንድ በራሪ ወረቀት ደርሶኛል። ፈቃዱን በፈቃደኝነት የሚመልስ አዛውንት በፍል ውኃው መታጠቢያ ቤት የአሥር በመቶ ቅናሽ ያገኛል ይላል። ኪኑኤን በዚያ ቅናሽ አሳፍሬ ኮረብታውን እንዴት እንደማሻግራት ግን አይገልጽም።

ምክራችሁን በማክበር ጆሮዬን አስመረመርኩ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «ከእኔ ጆሮ ይሻላል» ብሏል፤ ወረቀቱ ተያይዟል። አሽከርካሪው ላይ ምንም ስላልተገኘ ወደ መኪናዋ ተመለስኩ። የፊቱን ግራ በክሪክ አነሣሁ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ወዘወዝኩት፤ ከታች ተላወሰ። መኪናዋን መልሼ በጎማዋ አቆምኳት። ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያዘውን መጋጠሚያ፣ መካኒኮች ቴስቲኒ የሚሉትን፣ በጣቴ ደግፌ ኪኑኤን መኪናዋን ከላይ ጫን ለቀቅ እንድታደርግ ብጠይቃት፣ ያ «ኳ» በጣቴ ውስጥ ገባ። የወጥ ቤት ቢላ አመጣሁና ቀለማችሁን ፋቅኩ። ከሥሩ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ቅባቱ አልቋል፣ ብረቱ ዝጓል። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ሃያውን የወሰደው የእናንተን ቀለም መፋቅ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ ልጨምር። እናንተ «ደኅና ናት» የሚለውን ምልክት መስታወቷ ላይ ከለጠፋችሁበት ቀን አንሥቶ ጉድለቱን እስካገኘሁበት ቀን ድረስ፣ ኪኑኤን ይዤ ያንን ኮረብታ ዘጠኝ ጊዜ ተሻግሬአለሁ። መጋጠሚያው በአንዱ መታጠፊያ ላይ ቢለቅ ኖሮ ጎማው ይተኛ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው ወንዙ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምሬዎታለሁ። የሻማውን ሙከራ ያስታውሱ ይሆናል። ሻማው ገና ሳይለኮስ የነበልባሉን ቀለም ጽፈው የጨረሱት ተማሪ እርስዎ ብቻ ነበሩ። ያኔ በቀይ ብዕር «መጀመሪያ ተመልከት» ብዬ ጽፌ መልሼልዎት ነበር። የአሁኑንም ሪፖርት በዚያው ቀለም አርሜ አያይዤዋለሁ፤ ከመቶ ስምንት ሰጥቼዎታለሁ። ስምንቱም ለማኅተሙ ጥራት ነው።

የተበላውን ቴስቲኒ የጎረቤት መንደር የትራክተር ጠጋኝ ቀይሮልኛል። ሐዲዱን ዛሬ ስንሻገር የተሰማው የኪኑኤ ሳቅ ብቻ ነው። አሮጌውን መጋጠሚያ በሐር ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እንደ ባህላችን የዓመቱ አጋማሽ ስጦታ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ቀለም አይቀቡት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስለ እኔ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር መሻራችሁን ለመንጃ ፈቃድ ክፍል ከሐምሌ ሃያ በፊት በጽሑፍ ያሳውቁ። በዚህ ዓመት ከሥር የቀባችኋቸውንም መኪኖች ሁሉ መልሳችሁ ጠርታችሁ፣ በዚህ ጊዜ ሳትቀቡ እዩአቸው።

ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ቀና ስል ግን ዓይንዎን እያየሁ፣
የቀድሞ መምህርዎ
ሃባራ ቶኩጂ

ማስታወሻ፤ ሰሌዳው እስከ ረቡዕ ማታ በሠላሳ አንዱ ቤት ዞሮ፣ እያንዳንዱ ቤት ማንበቡን እንደ ልማዳችን በቤቱ ማኅተም አረጋግጦ፣ መጨረሻ የሚደርሰው እርስዎ ቤት ነው። የመጀመሪያው ማኅተም የእናትዎ ነው። የዘንድሮ የሰፈር ተጠሪ እርሳቸው ስለሆኑ ያለ ፈቃዳቸው ምንም አይለጠፍም፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ በእኔው መኪና ከኋላ ተቀምጠው ገበያ እንደሚሄዱ ምናልባት አልነገሩዎትም። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው ካነበቡ በኋላ ያሉትን ቃል በቃል እጽፋለሁ፤ «ኧረ መምህር፣ ያ ድምፅ ከኔ እግር ሥር ሲንኳኳ አልከረመም? እኔንም ጆሮሽን ተመርመሪ ሊለኝ ነው? በሉ ማኅተሜን ያቀብሉኝ! ደግሞ ጻፉበት፤ መልሱን እስከ ዓርብ ካላመጣ፣ ዓርብ ገበያ የሚወስደኝ እሱ ነው፤ መንገዱን ሙሉ የምነግረውንም ሁሉ ይሰማል በሉት።» ዛሬ ሰኞ ነውና፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።