ፀጉሯን የለበሰችው ንግሥት

ቅዳሜ

ዛሬም ካርቶን ሳሽግ ያቺን ፀጉሯን የለበሰች ንግሥት በሐሳቤ ሳይ ዋልኩ። እዚህ በሰው አገር፣ ትሩጋኒና ሰፈር ያለው መጋዘን ውስጥ አጠገቤ የምትሠራው ህንዳዊቷ ሱጃታ ናት ያመጣችብኝ። ብሬክ ላይ ሩዟን እየበላች ነገረችኝ። የዛሬ ስንት መቶ ዓመት በአገሯ አንዲት ገጣሚ ነበረች። ንጉሥ አገባት። እሷ ግን «ባሌ አምላኬ ነው» ብላ ቤተ መንግሥቱን፣ ልብሷንም ሳይቀር ጥላ፣ ረጅም ፀጉሯን ለብሳ ወጣች። ሊቃውንት በጉባኤ ቢያፋጥጧት አንድ በአንድ መለሰችላቸው። አምላኳን በአበባ ስም ነበር የምትጠራው።

ባስ ላይ ዓይኔን ስከድን በባሕር ዛፎቹ መሃል ቀስ ብላ ትሄዳለች። ዞራ አታየኝም። እሷን እያሰብኩ የጻፍኳትን ግጥም ዳዊቴ ውስጥ ሸጎጥኳት፦

ወርቁ ለባለወርቁ፣ ቤቱም ለባለቤቱ፤
እኔን ፀጉሬ ያልብሰኝ፣ አንተን ማየት ነው ሀብቱ።

እሑድ

ጉድ ፈላ! ጽዋ ማኅበራችን ዌስት ፉትስክሬይ ሰፈር እትዬ ብርቅነሽ ቤት ነበር። እኔ ሰሃን ሳጥብ እትዬ ዳዊቴን ቢያነሱት ወረቀቷ ወደቀች። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቧት። ከወጥ ቤት ስመለስ ሴቱ ሁሉ ያለቅሳል።

«የየትኛዋ ባሕታዊት ጸሎት ነው?» አሉኝ። ለነሱማ ፀጉር ለብሳ በረሃ የምትወርድ ከኛ ቅዱሳን ሌላ ማን አለ! አሜን ሲሉ እኔም አሜን አልኩ። ቀጣፊ!

ደግሞ እትዬ በሰማንያ ዓመታቸው ማክሰኞ ሐሞታቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። ወረቀቷን ይዘው ሊገቡ ነው።

ሰኞ

ብነግራቸው፦ ይደነግጣሉ፣ ማኅበሩ ያባርረኛል፣ የንስሐ አባቴ ይሰማሉ።
ባልነግራቸው፦ የማያውቁትን አሳቅፌ ቢላዋ ሥር ልሰዳቸው ነው።

ለሱጃታ ብነግራት ሳቀች። «ሊቃውንቱን ያልፈራች ሴት እያደነቅሽ አንዲት አሮጊት ትፈሪያለሽ?» አለችኝ። እሷ ምን አለባት፣ እትዬን አታውቃቸውም።

ያም ሆነ ይህ የነገውን ሺፍት ቀየርኩ።

ማክሰኞ

ሆስፒታል በጠዋት ደረስኩ። አልጋቸው ሥር ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የህንድ ሴት ናት፣ ግጥሙ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።

ወረቀቷን ከትራሳቸው ሥር አወጡ።

«ንጉሥ ባሏን ነው ጥላ የወጣችው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ውይ! እኔ ዘበኛ ባሌን መጣል አቅቶኝ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ።»

ሁለታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ዝም ማለትሽ ግን ደግ አልሠራሽም። ለአባ ራስሽ ትነግሪያለሽ።»

«እሺ።»

«አሁን ስምሽን ጻፊበት። የሷንም። ማን እንዳስለቀሰኝ ልወቅ።»

የኔንም፣ ሱጃታ የነገረችኝን የሷንም ስም ጻፍኩ። ወረቀቷን እኔው እንድይዝላቸው ሰጥተውኝ ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ።

መጠበቂያው ወንበር ላይ ሸለብ አደረገኝ። በኮሪደሩ ያቺ ሴት በባዶ እግሯ መጣች። ዛሬ ግን ዞራ አየችኝ።

ነርሷ ናት የቀሰቀሰችኝ። ነቅተዋል አለች፤ በቋንቋችሁ አንድ ነገር እየደጋገሙ ነው፣ ምን እንደፈለጉ አልገባንም። ሮጬ ገባሁ። ዓይናቸው እንደተከደነ ነው።

«ወርቁ ለባለወርቁ... ወርቁ ለባለወርቁ...»

ቀጥሎ ያለው ጠፍቷቸዋል። እጃቸውን ይዤ የቀረውን አልኩላቸው። ለአባ እሑድ እነግራለሁ።