የረቡዕ ወተት

ወረታ፣ ጥር፣ ዓርብ ቀን

«በጉንፋን የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም» ሲል ሰማሁት ረቡዕ ጠዋት አንድ የባጃጅ ሾፌር። የሚያወራው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ በጋቢ ተጠቅልዬ እየተንቀጠቀጥሁ ስለነበር እንደ ሐኪም ቃል ቆጠርሁትና ወርጄ ሥራ ገባሁ።

የተከበሩ አባቴ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በባጃጅ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? ቅዳሴ ሲረዝም ይሰማኛል ብለውኝ ነበር፤ ተሻለዎት ወይ? እናቴስ? ላሚቱ ወለደች? እኔ ከሞላ ጎደል ደህና ነኝ፤ የጎደለውን ነው አሁን የምጽፍልዎት። በስልክ ያልነገርሁዎት እናቴ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለጎረቤት ሁሉ ስለምታሰማው ነው። ዘመነ ሾፌሩ ነገ በአንበሳሜ ስለሚያልፍ በእሱ እጅ ይደርስዎታል። ለብቻዎ ሆነው ያንብቡት፤ ግማሹን ለአባቴ፣ ግማሹን ለቄሱ ጽፌዋለሁ።

ለሰው ሁሉ «ልጄ በሩዝ መፈልፈያ ጥራት ተቆጣጣሪ ነው» እያሉ ይናገሩልኛል። በእውነቱ የተቀጠርሁት በአፍንጫዬ ነው። መጋዘኑን ነቀዝ ሲገባው ክኒን ይደረግበታል። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም። ቀኑ ሲሞላ በሩ ተከፍቶ ይናፈስና እኔ ደፉ ላይ ቆሜ አሸታለሁ። ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ነገር ከሸተተኝ ማንም አይገባም፤ ካልሸተተኝ «ግቡ» እላለሁ። ለዚህ የተሠራ መለኪያ አለ ይባላል። የመፈልፈያው ባለቤት ወይዘሮ አምሳል ግን ዋጋውን ሲሰሙ አፍንጫዬን አመስግነው ዝም አሉ።

ረቡዕ አንደኛው መጋዘን የሚከፈትበት ቀን ነበር። ደፉ ላይ ቆሜ አየሩን ሳብሁ። ምንም የለም። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ንጹሕ አየር አሽትቼ አላውቅም። «ግቡ» አልሁ።

ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባው የተሸካሚዎቹ አለቃ ይርዳው ነው። ሌሎቹ መኪናውን እስኪያስጠጉ ድረስ እሱ ብቻውን ሸራውን ከክምሩ ላይ ይገፍፋል። ያውቁታል፤ አምና ለፋሲካ ከእኔ ጋር መጥቶ እናቴን ከእንጨት ፈለጣ ያሳረፋት ልጅ ነው። ሚስቱ ዛሬ ነገ ትወልዳለች።

እኔ መቆም ስላቃተኝ ከግቢው በር ሻይ ወደምትሸጠው ወደ እናኑ ሄድሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዘበኛው ምች ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወባ ነው ብለውኝ ነበር። እናኑ ልጇን እንዳዘለች አንዴ አየችኝና «ጉንፋን ነው» ብላ ጨረሰችው። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ከአፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

«ሳበው» አለች።

ሳብሁት። ዓይኔ አለቀሰ፤ አፍንጫዬ ግን ምንም አልነገረኝም። ሽንኩርትሽ አይሸትም አልኋት፣ የከረመ ሸጠውልሽ ይሆናል። ሳቀች። «እኔ ከዚህ ሆኜ ራሴን ሊያዞረኝ ነው፣ አንተን አይሸትህም?»

አባቴ፣ ፍርሃት ሲመጣ ልብ ይመታል፣ እግር ይከዳል ብለው የጻፉ ሰዎች አሉ፤ ብዙ አንብቤላቸዋለሁ። የእኔ እንደዚያ አልነበረም። ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ከጠዋት ጀምሮ እንደ እሳት ስነድ የቆየሁት ሰው ባንድ ጊዜ በረድሁ። ከዚያ ሮጥሁ።

ይርዳው ከክምሩ አናት ላይ ሸራውን አጥፎ ሊጨርስ ነው። ውጣ አልሁት። ምን ሆነ አለኝ። ውጣ ብያለሁ አልሁት፤ ድምፄ ተዘግቶ ስለነበር እንደ ጎረምሳ ዶሮ ጮኸ፣ እሱም እየሳቀ ወጣ። ሲወጣ ሳል ያዘው። ሌሎቹን የመኪናውን ጎማ እዩ ብዬ አራቅኋቸውና በሩን ሁሉ አስከፈትሁ። ለምን ሲሉኝ አቧራ በዝቷል አልሁ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ይርዳውን ማየት ሆነ። ያምሃል ወይ ስለው ራሴን አለኝ። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾምና ቡና ስለማይቀምስ ሁልጊዜ ራሱን ያመዋል። ይስላል፤ ሩዝ ሲሸከም የሚውል ሰው መቼ የማይስልበት ቀን አለው? ዓይኑ ቀልቷል፤ አቧራ ነው፣ ወይም አይደለም። የሞትን ምልክት ከረቡዕ ምልክት መለየት አቃተኝ። በተቀመጠ ቁጥር ሊወድቅ ነው እያልሁ እነሣለሁ፤ በተነሣ ቁጥር ሊሰናበተኝ ይመስለኛል። ሐኪም ቤት ልወስደው አሰብሁ፤ «ምን ሆኖ?» ይሉኛል፣ መልሱ ደግሞ እንጀራዬ ነው። ይህን ስጽፍልዎት አፍራለሁ።

በእኛ ዘንድ መርዝ የነካው ሰው ወተት ይጠጣል። የክኒኑን ጣሳ አንብቤዋለሁ፤ በማውቀው ቋንቋ ሁሉ ስለ ወተት አንድም ቃል የለበትም። ቢሆንም ሄድሁ። ረቡዕ ቀን በወረታ ወተት የሚያፈላ ሻይ ቤት ባጣ እናኑ ለልጇ ያስቀመጠችውን ሰጠችኝ። ለማን ነው አለች፤ ለታመመ ሰው አልኋት። የቄስ ልጅ መሆኔን ታውቃለች። እኔን አየችኝ፣ ኩባያውንም አየች።

ይርዳውን ከመጋዘኑ ጀርባ ለብቻው ጠርቼ ሰጠሁት። ኩባያው ውስጥ አየ።

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የታመምኸው አንተ፣ የምፈስከው እኔ?»

ለአቧራው ነው አልሁት። አቧራ መዋጥ ከጀመርሁ ስንት ዓመቴ፣ እስከ ዛሬ ወተት ያመጣልኝ የለም አለ። መሳቅ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

«ምን አድርገኸኝ ነው?»

ነገርሁት። አፍንጫዬ ከጠዋት ጀምሮ እንደማይሠራ፣ ግቡ ያልሁት ሳላውቅ እንደሆነ ነገርሁት። ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሣ ሰው ነውና ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቢመታኝ በወደድሁ ነበር። ኩባያውን እንደያዘ ዞር ብሎ ግቢውን አየ። ቀጥሎ ወይዘሮ አምሳል ያውቃሉ ወይ አለኝ። አያውቁም አልሁት። ተሸካሚዎቹ ልጆችስ? ማንም አያውቅም።

«እንዳትናገር፤ ያባርሩሃል» አለ።

እንዲህ ነው ያለኝ፣ አባቴ። ከዚያ ኩባያውን መለሰልኝ። «ብቻዬን አልፈስክም። ቅደም።»

ቀደምሁ። ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እሱ፣ ከአንድ ኩባያ ጠጣን። ጨርሶ አፉን በመዳፉ ጠረገና ለሚስቴ እንዳትነግር፣ ከአንተ ጋዝ እሷ ትብሳለች አለኝ። ማታ ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። ደህና እደር ካለኝ በኋላም አጥሩ ሥር ቆሜ ከሚስቱ ጋር ስለ ምስር ወጡ ጨው ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። እንደዚያ የሚጥም ጭቅጭቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ግቢው ውስጥ ነበር። ጋዙ የቀረው ጥቂት ሆኖ ይሆናል፣ ወይም የእርስዎ ጸሎት ደርሶ ይሆናል። እሱ ወተቱ ነው ይላል። ወይዘሮ አምሳል ግን እኔን ሲያዩ ፊትህ የሬሳ መስሏል፣ እስከ ሰኞ ተኛ አሉኝ። ሁለተኛው መጋዘን ነገ ቅዳሜ ይከፈታል፤ ደፉ ላይ ቆሞ የሚያሸተው ይርዳው እንዲሆን ወሰኑ። ስንት ዓመት ከእኛ ጋር ሲገባ ሲወጣ ኖሯል፣ ሽታውን ያውቀዋል አሉ። እውነታቸውን ነው። ረቡዕ ጠዋት መታመምህን ለምን አልነገርኸኝም ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸው። ብቻ በሩ ላይ ደህና አፍንጫ መቆሙን ስሰማ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ለቄሱ የምለው ይህ ነው። የይርዳውን ግማሽ ኩባያ በእኔ ላይ ይደምሩልኝ። ስግደቱንም ጾሙንም የሁለታችንን እኔ ልያዘው፤ እሱ የሚሸከመው ይበቃዋል። ለአባቴ ደግሞ የምለው፣ እንዳያዝኑብኝ ነው። ካዘኑም በሚቀጥለው ስመጣ ይቈጡኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ።

ጉልበትዎን ያጽናልዎት፤ ድምፅዎን ከመቅደሱ አያጥፋብን። እናቴን ጉንፋኑ እንዳለፈ ብቻ ይንገሯት። መስቀልዎን ከሩቅ እሳለማለሁ።

ልጅዎ

ይርዳው ሊጠይቀኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ለአባ ሰላምታዬን ጻፍልኝ ይላል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ጉንፋን ይዞታል።